ሦስት አድራሻ የነበረው ቤት

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላሳድስ ወረዳ ሄጄ ነበር። ወጣቷ ሠራተኛ አሮጌውን መታወቂያዬን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ «እማማ፣ ይሄ ቀበሌ የት ነው?» አለችኝ። እማማ መባሌን እንደ ኮሶ ዋጥ አድርጌ፣ «አሁን የተቀመጥሽበት ነዋ» አልኳት። አላመነችኝም። ወደ ቤት ስመለስ ካዛንቺስ ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ቄራ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ፓስቲ በጋዜጣ አስጠቅልዬ፣ የበልግ ጭቃ እየዘለልኩ ወደ ትምህርት ቤቱ እሄድ ነበር። የማስተምረው ዘጠነኛ ክፍልን ታሪክ፣ ርዕሱም አገሪቱ በየዘመኑ እንዴት ተከፋፍላ ትተዳደር እንደነበር ነው። ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ክፍለ ሀገር፣ ክልል እያልኩ ሰሌዳውን ሞላሁት። ልጆቹ ተኙ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እተኛ ነበር።

ምክትል ርእሰ መምህሩ ይህን በመስኮት አይተው ኖሮ ቢሮ ጠሩኝ።

«ሐሙስ ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ክፍሉ እንዲህ ካንቀላፋ ቋሚ ቅጥሩን እርሺው» አሉኝ።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። በማግስቱ ልጆቹን የቤታቸው አድራሻ የተጻፈበት አሮጌ ወረቀት ከየወላጆቻቸው ለምነው እንዲያመጡ አዘዝኳቸው።

ሐሙስ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ደምሴ ፎርማቸውን ይዘው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሐያት የምትባል ዝምተኛ ልጅ የአያቷን ሦስት ወረቀቶች አውጥታ አነበበች። የንጉሡ ዘመኑ አንድ ወረዳ፣ የደርጉ ያኔ «ከፍተኛ» የሚባል አንድ የከተማ ክፍል፣ አዲሱ ደግሞ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ይላል። በግድግዳ የምትጎራበታት ሰላም ከት ብላ ሳቀች።

«ቲቸር፣ ትዋሻለች። እነሱ በቃ ከእኛ ጎን በቀር ሌላ ቦታ ኖረው አያውቁም።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አቶ ደምሴ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። አለቀልኝ አልኩ።

ሐያት ግን አልተቀመጠችም። «አያቴ አንድም ቀን ቤት ቀይሮ አያውቅም» አለች። «ቤቱ እዚያው ነው። የተቀየረው አከፋፈሉ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ወዲያው ሁሉም የራሱን ወረቀት እያወጣ ከጎረቤቱ ጋር ማስተያየት፣ በየዘመኑ መደርደር ጀመረ። እኔ ጣልቃ የምገባበት ፋታም አልሰጡኝም።

አቶ ደምሴ ብድግ አሉ። «እኔ የተወለድኩት ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ነው። እስቲ አገሬን ፈልጉልኝ።»

ልጆቹ ግድግዳው ላይ ወዳለው አዲስ ካርታ ተንጋጉ። ይፋትና ጥሙጋ የሚል ስም የለም። በመጨረሻ እጇን ያወጣችው ያቺው ሰላም ናት።

«አሁን አውራጃ የለም። ያኔ ሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበር፤ በደርግ ሸዋ ክፍለ ሀገር ሆነ። ዛሬ አማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋ ዞን ይሉታል። ማለቴ፣ እርስዎ የተወለዱበት መንደር ያው ነው።»

ባለፈው ዴስክ ላይ ተደፍታ የነበረች ልጅ! ለካ ስትሰማኝ ነበር። አቶ ደምሴ ፎርማቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ይቺን መምህርት የሚለቅ ትምህርት ቤት ሞኝ ነው» አሉ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። እኔም ከሥራ እንደወጣሁ መስቀል ፍላወር ሰፈር ኬክ ቤት ገብቼ ሁለት ኬክ ለብቻዬ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍል አስተምሬአለሁ፤ ያስተኛኋቸውም ጥቂት አይደሉም። በዕድሜ የገፋ ሰው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ደስ ይላል ይባላል። በሌላው ሁሉ እሞክራለሁ። ስለዚያ ሐሙስ ግን፣ ዕድሜ ልኬን ብኮራ አይበዛብኝም።