በመካከላችን ይቅር

ካምፓላ ውስጥ፣ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር ካሉት የሐበሻ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቼ በአማርኛ በርበሬ ስጠይቅ፣ ባለሱቁ ዋጋውን የሚነግረኝ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ በአማርኛዬ ስቀጥል ደግሞ ሚዛኑን ትቶ ቀና ይልና «ኧረ! አማርኛ ትችያለሽ እንዴ!» ይለኛል። አዎ፣ እችላለሁ። አዲስ አበባ ተወልጄ፣ እናቴ በአማርኛ እየተቆጣች ያሳደገችኝ ሰው ነኝ፤ ባልችል ነበር የሚገርመው። ነገሩ ቆዳዬ ነው። ጠይም የሚባለው ዓይነት አይደለም፤ ከምዕራብ ድንበር ከመጣው አባቴ የወረስኩት እውነተኛው ጥቁር ነው። ስለዚህ ለሐበሻው ኡጋንዳዊት ነኝ፤ ለካምፓላ ሰው ደግሞ ከሰሜን፣ ከጉሉ በኩል የመጣሁ። መጀመሪያ ሰሞን እከራከር ነበር፤ ኋላ ሰለቸኝና ሁሉም ያሻውን እንዲያስብ ተውኩት።

የምኖረው ናሙዎንጎ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዬን ነው። ቀን ቀን ኪሰንዪ፣ አንድ ስፌት ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ያው ሰማያዊ ቀሚስ፣ ያው ነጭ ኮሌታ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በእንግሊዝኛና በተሰባበረ ሉጋንዳ እንግባባለን። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን በእነሱ ቋንቋ ሥራ መሥራት እንጂ ማሾፍ አልሆነልኝም። አማርኛ የማወራው ማታ ሩዝ ስለቅም ብቻ ነበር። «ነይ ውጪ አንቺ ድንጋይ፣ የማላይሽ መሰለሽ?» እላለሁ። ድንጋዩ አይመልስም። የምፈልገው ብዙ አልነበረም፤ «እንዴት ዋልሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝና መልሱን እስክጨርስ ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከኮስፕሌይ ጋር ያገናኘችኝ አንዲት ደንበኛ ናት። በስልኳ የካርቱን ሥዕል ይዛ መጣችና «ይህን መስፋት ትችያለሽ?» አለችኝ። ሥዕሉ ላይ ያለችው ንግሥት ናት፤ ቀሚሷ ከፊት አጭር፣ ከኋላ መሬት የሚጠርግ፣ ትከሻዋ ላይ ወርቃማ ጥሩር ያረፈባት። ልጅቷ የአንድ ማኅበር ሰብሳቢ ነበረች። የማኅበሩ ሥራ በካርቱንና በቪዲዮ ጌም ውስጥ ያሉ ሰዎችን ልብስ፣ ጋሻና ዘውድ በእጅ ሠርቶ መልበስና ለአንድ ቀን እነሱን መሆን ነው። ሳቄ መጣ። ጢም ያወጣ ሰው ከስፖንጅ ጎራዴ ቆርጦ፣ በጫማ ሙጫ አጣብቆ፣ ወርቅ ቀለም ቀብቶ ይጫወታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቀሚሱን ለማስረከብ አንድ እሑድ ኪሱጉ ወደሚሰበሰቡበት የትምህርት ቤት አዳራሽ ሄድኩና በዚያው ቀረሁ።

እዚያ ማንም በስሙ አይጠራም፤ ሁሉም የሚጠራው በሚለብሰው ሰው ስም ነው። ከየት መጣሽ፣ ወረቀት አለሽ ወይ የሚል የለም። ሰብሳቢያችን ቀሚሱን እኔኑ አስለበሰችኝና ዞር ዞር እያለች አየችኝ። «የሰፋሽው አንቺ፣ ቁመቱም ያንቺው፤ እንግዲህ ንግሥቲቱ አንቺ ነሽ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ንግሥት ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ «አንቺ፣ ቁልፍ ትከይልኝ» ስትባል ለምትውል ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

የማኅበሩ ኮከብ አንድ ወጣት ነበር። ቀይ ነው፣ ፀጉሩ እስከ ትከሻው ይወርዳል፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚከተለው ሰው ብዙ ነው። ፎቶ ስንነሳ መሀል ካልቆመ ፊቱ ይጠቁራል። (የከፋውን ሰው እንዲህ ነው የምንለው፤ ቋንቋችንም ለእኔ አላዘነልኝም።) አንዱ ለወራት የለፋበትን የራስ ቁር አንሥቶ ራሱ ላይ ይደፋና በመስታወት እያየ «እኔ ላይ ነው የሚያምረው» ይላል፤ ባለቤቱም እየሳቀ ይተውለታል። «ቁርጥ የተሣለውን ጀግና ነው፤ አፍንጫውን እዩት፣ ፀጉሩን እዩት!» ይሉታል። እሱም ያምናቸዋል። እኔ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም ነበር። አንድ እሑድ ግን ስልኩ ጠራና «አቤት እማዬ» ሲል ሰማሁት። የያዝኩት መቀስ ከእጄ ወደቀ።

ወዲያው ሄጄ እንደምን አለህ ማለት እችል ነበር። ግን «ኧረ! አማርኛ ትችያለሽ!» የሚለውን ከእሱም አፍ መስማት አልፈለግኩም። ሁላችንም ለብሰን በምንወጣበት የትርኢት ቀን፣ እሱ ጀግና እኔ ንግሥት ሆነን ጎን ለጎን ስንቆም እንዲያውቅልኝ ፈለግኩ። የእሱን ካባ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ከኮሌታው ሥር፣ ገበሩ ላይ፣ ካባውን ሲያነሣ ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ፣ በወርቃማ ክር «እንደምን አለህ ወንድሜ» ብዬ ጠለፍኩ። ፊደል ከጻፍኩ ብዙ ጊዜዬ ስለነበር «ም»ን ደጋግሜ ፈታሁት። ሲያየው የሚደነግጠውን፣ የሚስቀውን፣ «የት ሰፈር ነሽ?» የሚለኝን ሁሉ አስቤ ጨርሼዋለሁ። መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር።

ከትርኢቱ በፊት በነበረው እሑድ ካባውን ከኋላው ሆኜ አለበስኩትና የታችኛውን ጫፍ ለመለካት እግሩ ሥር ተንበረከክኩ። ስፒሎቹን በከንፈሬ ነክሼ ይዣለሁ፤ ሰፊ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። ስልኩ ጠራ። ጓደኛው መሆን አለበት፤ በአማርኛ ያወራ ጀመር።

«አዎ፣ እዚሁ ነኝ፣ ልብስ እያስለካሁ። ንግሥታቸውን ብታያት! ከሰል ናት እኮ። መብራት ከጠፋ ጥርሷን ፈልገን ነው ፎቶ የምንነሳው።» ሳቀ። «ሰብሳቢያቸውም ያው ናት። ምን ያድርጉ፣ መልክ ከየት ያምጡ? እኔን መሀል ሲያቆሙ ነው ሰው የሚመስሉት።»

ከዚያ ወደ ታች አየኝና አንድ ቃል ጨመረ። ሰው በገበያ በሚሸጥበት ዘመን የሚሸጠው ሰው ይጠራበት የነበረ ቃል ነው። ልጽፈው አልፈልግም፤ አማርኛ የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። «ይቺ ምናምን ቶሎ ብትጨርስልኝ መጣሁ» አለው።

ስፒሎቹ አፌ ውስጥ ነበሩ። ባይኖሩስ ምን እል ነበር? አላውቅም። አንድ በአንድ ከከንፈሬ እያነሣሁ ጫፉን ዙሪያውን ያዝኩለት። ሲጨርስ ስልኩን ኪሱ ከተተና በእንግሊዝኛ አመሰገነኝ፤ በትሕትና ነው ያመሰገነኝ።

ካባውን ጨርሼ ለማምጣት ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቱ በላይ ደግሞ አፍሬ ነበር፣ የተሳደበው እሱ ሆኖ የማፍረው እኔ መሆኔ ደግሞ እንደገና አናደደኝ። ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ሲሉኝ እናቴ «አልሰማሁም ብለሽ እለፊ» ትለኝ ነበር። ምስኪን፣ እሷም ሌላ የምትለኝ አልነበራትም። አልሰማሁም ማለት የሚቻለው ግን ቋንቋውን ለጠገበ ሰው ነው። እኔ ስንት ጊዜ ተርቤው፣ በስንት ጊዜዬ ስሰማው የሰማሁት ይህን ነው። አለቀስኩ። ከዚያ መቀሱን አንሥቼ ጥልፉን ልፈታ አልኩና ተውኩት። ሰላምታው የእኔ ነው፤ እሱ ስለተሳደበ እኔ ሰላምታዬን የምሰርዝበት ምክንያት የለም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እንዲያነበው ፈልጌ ነበር።

አነበበው። በትርኢቱ ቀን፣ መልበሻው ክፍል ውስጥ ካባውን ሲገልጠው እጁ ባለበት ቀረ። ጽሑፉን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ጽሑፉን አየ። እኔ ዘውዴን ደፍቼ፣ ጥሩሬን ለብሼ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለኝ በአማርኛ።

«እኔ ነኝ።»

በስልክ ያወራው ትዝ ሲለው ፊቱ ላይ አየሁት። «ውይ እኅቴ! ይቅርታ አድርጊልኝ፣ በእናትሽ! እኔ እኮ ሐበሻ መሆንሽን አላወቅኩም።»

እዚህ ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ ማንም የአገሬ ሰው «ሐበሻ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። ያገኘሁት በዚያ ይቅርታ ውስጥ ነው።

«ባልሆንስ?» አልኩት።

አልገባውም። እያስመሰለ አልነበረም፤ በእውነት አልገባውም። «እንዴ! ባውቅ ኖሮማ አልልም ነበር» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሰብሳቢያችን በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር። «እኅቴ፣ ለእነሱ አትንገሪያቸው። በመካከላችን ይቅር።»

በመካከላችን! ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩት ይህን ነው፤ እኔና እሱ፣ እኛ። «እሺ» ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ «እንዴት ዋልሽ?» የሚለኝ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነበረኝ። በርበሬ ሱቁም አብረን እንገባ ይሆናል፣ ባለሱቁም ያኔ በአማርኛ ይመልስልኝ ይሆናል። ደግሞ ይቅር ማለት ሁለት ነገር ነው፤ ምሕረትም ነው፣ ተሸፋፍኖ መቅረትም ነው። እሱ የለመነኝ ሁለተኛውን ነበር። «እነሱ» ሲል ደግሞ ዘውዱን ራሴ ላይ ያደረገችልኝን ልጅ ማለቱ ነው።

«ምንድን ነው? ምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?» አለች ሰብሳቢያችን ቀረብ ብላ።

ነገርኳት። ስለ እኔ ያለውን፣ ስለ እሷ ያለውን፣ ያንን ቃልም ጭምር፤ ለቃሉ እንግሊዝኛ አላጣሁለትም። ወደ እሱ ዞረችና «እውነት ነው?» አለችው።

«ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ራሷን ጠይቂያት።»

«ጠይቆሻል?» አለችኝ።

ጠይቆኛል። ምን ልበል? ይቅርታ የጠየቀው ሐበሻዋን ነው፣ እግሩ ሥር የተንበረከከችውን ጥቁር ሴት አይደለም፣ አንቺንም አይደለም አልኳት። እንግሊዝኛዬ ይሁን ንዴቴ፣ ነገሩ ተወሳሰበባት። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ «ሶሪ፣ ባምቢ» አለችኝ፤ ባምቢ በሉጋንዳ «የኔ ምስኪን» እንደማለት ነው። ካምፓላ ውስጥ እንቅፋት ቢመታሽም፣ ዝናብ ቢያበሰብስሽም የማያውቅሽ ሰው ሶሪ ይልሻል፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። የእሷም ከልቧ ነበር። ግን ውጭ ሰው ተሰብስቦ እየጠበቀን ነበር፣ ማስታወቂያው ላይ የወጣውም የእሱ ፊት ነበር። «እሑድ እንነጋገርበታለን» አለችና ወጣን። ፎቶው ላይ መሀል የቆመው እሱ ነው፣ እኔ ከጎኑ ነኝ። የካባው ጫፍ ልክክ ብሏል።

እሑድ ሁሉም ባሉበት ቆመና በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀ። «የማይገባ ቀልድ ቀልጃለሁ» አለ። ምን ብሎ እንደቀለደ አልተናገረም፣ የጠየቀውም የለም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር፤ አንዱ ጓደኛው በስልክ ይቀርጸዋል። አጨበጨቡለት። «ትልቅነት ነው፤ ጥፋቱን የሚያምን ስንቱ ነው?» ያሉም ነበሩ። ቪዲዮውን ለተከታዮቹ ለቀቀው፤ ይቅርታው ከካባው በላይ ተወደደለት። እኔን ግን አንዳንዶቹ ቀስ ብለው «ታዲያ ከጉሉ ነኝ ያልሽን ውሸት ነው?» አሉኝ። እኔ ብዬ አላውቅም፤ ያሉት እነሱ ናቸው። ሰብሳቢያችንም እንደ ሌሎቹ አጨበጨበች። ከዚያ ወዲህ ግን ፎቶ ስንነሳ ካሜራውን የምትይዘው እሷ ናት፤ እኛ መሀል ገብታ አትቆምም።

አሁንም እሄዳለሁ። እሑድን ሌላ የት አሳልፈዋለሁ? ንግሥቲቱም እስካሁን እኔ ነኝ። እሱ ሲመጣ ከአዳራሹ ማዶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «እኅቴ! እንደምን ነሽ? እንዴት ሰነበትሽ?» ይለኛል። አማርኛው ያምራል፣ ያገር ቤት አማርኛ ነው። ቆሞም መልሴን ይጠብቃል። «አይ አም ፋይን» እለዋለሁ፣ ስፌቴን ሳልተው።

መልሱ የሚመጣልኝ ቤቴ ገብቼ ሩዙን ስለቅም ነው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። «አንተስ?»