መሠረትን ያጎረስኩበት ቀን

ይህን ለሚስቴም ሆነ ለንስሐ አባቴ ተናግሬው አላውቅም። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ ናችሁ። ታገሡኝ፣ ግን አትዘኑልኝ።

እኔ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር ስሜ የታወቀ ጎሚስታ ነኝ። ማንም ሳያስተምረኝ ጎማ መለጠፍ ተማርኩ፤ ማንም ሳያስተምረኝ እንግሊዝኛ ማንበብ ተማርኩ። የሰፈሩ ሰው ከፍርድ ቤትም ሆነ ከሐኪም ቤት ወረቀት ሲሰጠው የሚሮጠው ወደ እኔ ነው። ዲግሪ ከጫኑት ከብዙዎቹ እሻላለሁ፤ ይህን ስል አላፍርም። ችግሬም ይኸው ነው።

የእህቴ ልጅ መሠረት ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ስኳር ይዟታል፤ ውፍረቱ ጉልበቷን ጎድቶት ከልደታ ሜክሲኮ እንኳ በእግሯ መሄድ አትችልም። ምግብ ቀንሳ፣ እንቅስቃሴ ሞክራ፣ ዓመታት ታግላ ሲያቅታት ሐኪሞች የጨጓራ ቀዶ ጥገና መከሯት። ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ከጨጓራዋ ሰፊውን ክፍል ቆርጠው ያወጣሉ፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ሆኖ ይሰፋል፤ የተቆረጠው አይመለስም፤ ከዚያ በኋላ በትንሽ ምግብ ትጠግባለች። ቪታሚን ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ጠጣሩ ምግብ መጨረሻ ላይ። ይህን ሁሉ ለእህቴና ለጎረቤት ጣቴን እያነሳሁ ተነተንኩ። ሐኪሙ ራሱ እንደዚያ አያስረዳም። ታዲያ ለሌላው ያስረዳሁትን እኔ ለምን አላመንኩም?

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአሥረኛው ቀን ዘመድ ሊጠይቃት መጣ። ጥብስ በትሪ ቀረበ። እሷ ጥግ ይዛ የተጣራ ሾርባ በማንኪያ ትቀምሳለች። እንግዶቹ ሲነሱ ቤተሰቡ ሊሸኝ ወጣ፤ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። የሙያዬ ብልጠት የመጣብኝ ያን ጊዜ ነው። የተለጠፈ ጎማ ካልተነፋ መያዙ በምን ይታወቃል? ስፌቱም መሞከር አለበት አልኩ። ሰው ጎማ ነው? አንተ ሽማግሌ፣ ሰው ጎማ ነው?

ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልዬ ዘረጋሁላት።

«ኧረ ጋሼ፣ በእናትዎ ይተዉኝ! ፈሳሽ ብቻ ተብያለሁ።»

«በሞቴ! ወረቀቱን ያነበብኩልሽ እኔ አይደለሁም እንዴ? ከእኔ በላይ አወቅሽ?»

የታላቅ እጅ ተዘርግቶ ጉርሻውን እንደያዘ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ እያወቅኩ ዘረጋሁ። አፏን ከፈተች። ጉርሻ አንድ ብቻ አይሆንም ብዬ ደገምኩ። አጎረስኳት። ሁለቴ አጎረስኳት። ወዲያው አስመለሳት፤ ሸኚዎቹ ሳይገቡ አፏን ጠርጋ ወደ ሾርባዋ ተመለሰች።

ከጉርሻው በሦስተኛው ቀን ትኩሳትና የሆድ ሕመም አጣድፏት ሐኪም ቤት ተመለሰች። ስፌቱ ሾልኳል ተባለ። ሐኪሙ ምን እንደበላች ሲጠይቃት ዐይኗ እኔ ላይ ዐረፈ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ጥብስ በላሁ» አለች።

እህቴ ደረቷን መታች። «ወይ አንቺ ልጅ! ተቆርጦልሽም አልጠግብ አልሽ?»

ለሰፈሩ ሁሉ የሚያስረዳው አፌ እዚያ ጋ የት ገባ?

ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ሆዷ ላይ የፈሳሽ ማውጫ ቱቦ ተገጥሞላት ከአንድ ወር በላይ ተኛች። ተርፋለች። ስኳሯ ቀንሷል፣ ዛሬ ሜክሲኮ ደርሳ በእግሯ ትመለሳለች። ሐኪሙ በኋላ ለብቻዬ ስጠይቀው፣ ስፌት ያለ ምግብም ሊሾልክ ስለሚችል ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ መወሰን እንደማይቻል ነገረኝ። በዚህች ቃል ስንት ዓመት ተደበቅኩባት! በቃኝ። ስፌቱን ያሾለከው ጉርሻዬ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ስሟን ያጠፋው ዝምታዬ መሆኑን ግን አውቃለሁ።

ስሟ እስከ ዛሬ አልዳነምና። በዓል በመጣ ቁጥር «ትሪውን ከመሠረት አርቁ!» ይባላል። ባለፈው ፋሲካ የወንድሜ ልጅ «ጨጓራዋን አውጥተው ዐይኗን ረሱት» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። እኔ! እሷ አንገቷን ደፍታ ውሃ ቀዳችልኝ። የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ለምን አትጮህብኝም? ለምን «ያጎረሱኝ ጋሼ ናቸው» አትልም? እዩኝ እንግዲህ፣ አሁን ደግሞ በእሷ ላላክክ ነው!

ይቅርታ አልለምናትም፤ ሳልጨርስ ይቅር ትለኛለች፣ ያ የሚያቀለው ደግሞ የእኔን ሸክም ብቻ ነው። እሁድ ቤተሰቡ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ይህን ጽሑፍ ቆሜ አነብላቸዋለሁ። መሠረት ሆዷን ያልቻለች ሴት አይደለችም። እምቢ ብላ ነበር። የጎረሰችው እጄን ላለማሳፈር ነው፤ የዋሸችውም ፊቴን ላለማሳፈር ነው። ከእሁድ በኋላ መሳቅ ያማረው ካለ በእኔ ይሳቅ።