የጋሽ ሙሉጌታን አምፕሊፋየር ይዤ ከኪሊማኒ እስከ ሩንዳ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኬንያ ውስጥ ከምኖርበት ከኪሊማኒ ሰፈር ስነሣ፣ ታክሲው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው የሰው ንብረት ነበር። ያውም እኔ ያቃጠልኩት።

ጋሽ ሙሉጌታ ጊጊሪ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንጋፋው ኢትዮጵያዊ ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ሲያገለግሉ ሰርፍ የሚባለውን የጊታር ሙዚቃ ከመርከበኞች ካሴት ለመዱ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ሰኞ አዲስ አበባ ይገባሉ። እሑድ ሩንዳ ግቢያቸው ውስጥ መሸኛ አለ፤ ያንን ሙዚቃ የምጫወትላቸው እኔ ነኝ። ለዚሁ ብለው ድሮ ከአሜሪካ ያመጡትን አምፕሊፋየር አዋሱኝ። ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚያስተጋባው ሪቨርብ የለውም እንጂ ጥሩ ዕቃ ነው። ሰርፍ ግን ያለ ሪቨርብ አይሆንም፤ ስለዚህ ውስጡ ስፕሪንግ የተዘረጋበት ረጅም የቆርቆሮ ሳጥን ፈልጌ ገዛሁ። አስገጥሜ ላስደንቃቸው ነበር ሐሳቤ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ አምፕሊፋየሩን ልሞክረው ሰካሁት። ከኋላው የተጻፈውን አላነበብኩም፤ 110 ቮልት ይላል። የኬንያ መብራት ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ቀይዋ አምፖል ቦግ አለች፣ የሆነ ነገር ጠሽ አለ፣ ሳሎኑ በጭስ ታፈነ።

ደውዬ አልነገርኳቸውም። ሳይሰሙ አሠርቼ ልመልሰው ቆረጥኩ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ መሀል ከተማ

ከሪቨር ሮድ ገባ ብሎ ካለ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ኦቲዬኖ የሚባል ፉንዲ አለ። ጠጋኝን እዚህ ፉንዲ ነው የሚሉት። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ዕቃውንና የሪቨርቡን ሳጥን ከተሸካሚ ጋር እየተጋፋን አወጣን። ኦቲዬኖ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ከፈተው፤ እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ በቁጣ አንጓዬን ያዘኝ።

“ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የቀረው መብራት ይገድላል!” አለኝ። ከዚያ በኋላ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

አሸተተ፣ ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ። “ድምፅ የሚያጎሉት የመስታወት ቱቦዎች ተርፈዋል። ትራንስፎርመሩ ግን ሞቷል። ምን ልትጫወቺበት ነው?”

“ሰርፍ። ጊታሩ ከባሕር ወጥቶ ገና ውኃው ያልተንጠፈጠፈለት የሚመስልበት ሙዚቃ ነው። ድምፁ ጮክ ሲል መሰንጠቅ የለበትም።”

“እንግዲያው ጠንከር ያለ ትራንስፎርመር ይሻለዋል። ሪቨርብሽንም ይሸከማል። ነገር ግን ቦታው ስለማይበቃ ብረቱን መቁረጥ አለብኝ። ከተቆረጠ አይመለስም።” ቀና ብሎ አየኝ። “ያንቺ ነው?”

“የውሰት ነው” አልኩ።

“ባለቤቱ ሳያውቅ አልቆርጥም” አለና መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ወደ ደረጃው ወጣ ብዬ ስልኬን ያዝኩ። ሁለት ጊዜ ቁጥራቸውን አውጥቼ ዘጋሁት። በሦስተኛው ጠራ።

“ጋሽ ሙሉጌታ፣ አምፕሊፋየሩን አቃጠልኩት።”

ከታች ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባሶች ጥሩምባ ይጮሃል። “አንቺንስ መብራቱ ነካሽ?” አሉኝ።

“አልነካኝም።”

“የቮልት መቀነሻውን አብሬ መስጠት ነበረብኝ። ዕቃ ቤት ተቀምጧል።”

ስለ መቁረጡ ነገርኳቸው። “ቁረጡት” አሉ። “ድምፁ ግን ይለወጣል፣ ሂሩት። ላልወደው እችላለሁ።”

አምስት ሰዓት፣ ኢስሊ

ፉንዲው የሚፈለገውን ትራንስፎርመር ወረቀት ላይ ጽፎልኝ ወደ ኢስሊ ላከኝ። ማታቱው ውስጥ ሙዚቃው ደረቴን ያንቀጠቅጠዋል፤ እኔ ወረቀቱን እንደ ሐኪም ማዘዣ ጨብጬዋለሁ። ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የሞያሌ ነጋዴ ከጨርቅ ጥቅሎች ጀርባ አቧራ የለበሰ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ አወጡ። እንደኛው በቱቦ የሚሠራ የድሮ ዕቃ ነው፤ የምንፈልገው ትራንስፎርመር ውስጡ አለ።

“ይሠራል?” አልኳቸው፤ ሦስት ጊዜ ሳልጠይቃቸው አልቀረሁም።

“ልጄ፣ ስንት ዓመት አዛን ሲያሰማ የኖረ ነው። አንቺን ለይቶ አይከዳሽም።”

ሦስት ሺህ ሽልንግ ከፍዬ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደውን ዕቃ ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። ፉንዲው “ሳ ቲሳ ነይ” አለኝ። በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ነውና ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ ነው። ፎቁ ሥር ካለ ምግብ ቤት ቻፓቲና ምስር አዘዝኩ። የመጋዙ ድምፅ ከላይ ሲመጣ ሳህኑን ገፋ አድርጌ ሻዩን ብቻ ጠጣሁ።

በዘጠኝ ሰዓት ተሰካ። ጭስ የለም። ሪቨርቡን ሲከፍተው ግን እምምም የሚል ጩኸት ክፍሉን ሞላው። አለቀልኝ አልኩ። ኦቲዬኖ ግን ሳይቸኩል የስፕሪንጉን ሳጥን ከትራንስፎርመሩ እያራቀ፣ እያዞረ፣ ጆሮውን እየቀሰረ ሄዶ ሄዶ አንድ ጥግ ላይ ሲያደርሰው ጩኸቱ ጠፋ። እዚያው ላይ አሠረው።

አሥር ሰዓት ተኩል፣ ሩንዳ

ታክሲው በእያንዳንዱ የመንገድ ጉብታ ላይ ሲዘል፣ ሳጥኑ ውስጥ ስፕሪንጎቹ ሲንቀጫቀጩ ይሰማኛል። ጋሽ ሙሉጌታ በረንዳው ላይ ጊታራቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ጊታሩን አምፕሊፋየሩ ላይ ሰኩ። አንድ ክር መቱ፤ ደገሙት።

“ድሮ ለስለስ የሚል ነገር ነበረው” አሉ። “ያ ጠፍቷል።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“አልከፋኝም አልልሽም።” ጊታሩን አቀበሉኝ። “እስቲ ተጫወቺ።”

ጀመርኩ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከኋላው እንደ ማዕበል ተንከባለለ። አጎንብሰው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ሳቆም ቀና አሉ።

“ነገ ከፍ አድርጊው። ጎረቤት ቢቆጣ ሰኞ እኔ እዚህ የለሁም!”

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኪሊማኒ ገባሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ የፈራሁት መብራቱንና መጋዙን መስሎኝ ነበር፤ ከሁሉም የከበደኝ ግን ያቺ የስልክ ጥሪ ነበረች። ኦቲዬኖ መፍቻውን ባያስቀምጥ ኖሮ በዝምታ አሠርቼ እመልሰው ነበር። ጋሽ ሙሉጌታም የለመዱት ድምፅ የጠፋው፣ ጆሯቸው ስላረጀ መስሏቸው አገራቸው ይገቡ ነበር።