የእትዬ ስንዱ ግድግዳ

ልጅ ሳለሁ ቡሬ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ የእኛንና የጎረቤታችንን የእትዬ ስንዱን ቤት የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ክረምት ገብቶ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ የእናቴ አጎት አያ አስማረ ጀርባቸውን ለዚያ ግድግዳ ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ደግሞ ምድጃውን ከብበን ድንች በረመጡ ውስጥ እየቀበርን ተረት እንሰማለን። የኩራዙ ጭስ ዓይን ይለበልባል፤ ያኔ ግን ተረቱ ሳያልቅ ዓይኑን የሚጨፍን አልነበረም።

አያ አስማረ ዕድሜያቸውን በጋሪ እህል ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። እግራቸው ታሞ ፈረሱ ሲሸጥ እኛ ቤት ገቡ። ተረት ሲያወሩ ግን ይጮኻሉ። «አያ፣ እኛ እኮ እዚሁ ነን» ስንላቸው «ፈረሱ ያስለመደኝ ነው» ይሉና ይብሱኑ ይጮኻሉ። እኛም ነገሩን እንደ ቀልድ ይዘነው፣ እሳቸው በሌሉበት ድምፃቸውን እያስመሰልን እንስቅ ነበር።

ያ ግድግዳ ይሞቅ ነበር። የእትዬ ስንዱ ምድጃ ከወዲያ በኩል ተጠግቶት ስለነበር፣ እሳት ባነደዱ ቁጥር ሙቀቱ ጭቃውን ዘልቆ ቀስ እያለ ወደ እኛ ይመጣል። ታናሽ ወንድሜ ጉንጩን ለጥፎበት እንቅልፍ ይወስደዋል። የማን ሙቀት ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

እትዬ ስንዱ ውባለም የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። አረብ አገር ሄዳ ብዙም ሳትቆይ መርዶዋ መጣ፤ አስከሬኗ ግን አልመጣም። እናት የሚቀብሩት አጥተው ለቅሶ ተቀመጡ፤ አርባዋን አወጡና በራቸውን ዘጉ። ውኃ ለመቅዳት ጎሕ ሲቀድ ብቅ ከማለት በቀር ለዕድርም ለማኅበርም መውጣት ተዉ። የንስሐ አባታቸው መጥተው ቢያንኳኩ ከውስጥ «ይፍቱኝ አባቴ፤ ይሂዱልኝ» አሏቸው። እናቴ ደጃፋቸው ላይ ምግብ ታስቀምጣለች፤ ሳህኑ አንዳንዴ ባዶውን፣ አንዳንዴም እንዳለ ይገኛል። ሰፈሩ መጀመሪያ ተመላለሰ፤ ኋላ ደከመው። «ኀዘኑ ሲበርድላቸው ይወጣሉ» ተባለና ሁሉም ወደ ጣጣው ተመለሰ።

በዚያ ክረምት ነው አያ አስማረ በየምሽቱ ጥቂት ጥቂት እየቆረሱ የሚነግሩንን ተረት የጀመሩት። ሚስቱን ሞት የነጠቀው አንድ ሰው ከዓለም ተጣላ፤ በርና መስኮት የሌለው ቤት ሠራና ከውስጥ ሆኖ የመጨረሻዋን ቀዳዳ በጭቃ ደፈነ። «ከእንግዲህ ከእኔ የሚወጣ፣ ወደ እኔም የሚገባ የለም» አለ። ሲነጋ ዶሮ ሲጮህ ሰማ። ተናዶ ግድግዳውን በላዩ ላይ ደግሞ መረገው። ዝናብ ሲዘንብ የአፈር ሽታ መጣበት፤ እሱንም መረገው። እሳት ቢያነድ ጣሪያው ሞቀና ወፍ መጥታ ጎጆዋን በላዩ ሠራች፤ ጫጩቶቿ ሲንጫጩ አደሩበት። ሰውዬው ይመርጋል፣ ዓለሙ ይገባል፤ ሰውዬው ያዳፍናል፣ ሙቀቱ ይወጣል።

«ታዲያ ወጣ?» እንላቸዋለን።

«እሱን ነገ» ይሉና ራሳቸውን ወደ ግድግዳው ዘንበል ያደርጋሉ።

አንድ ምሽት ተረቱ ከተጀመረ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ጉንጩን ከግድግዳው አንስቶ «ዛሬ አይሞቅም» አለ። አያ አስማረ ዞረው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ዳበሱት።

«ትናንትናስ ሞቆ ነበር?» ብለው እናቴን ጠየቋት።

እናቴ ከፊታችን ላይ መልስ እንደምትፈልግ ሁሉ ተራ በተራ አየችን። ማናችንም አላስተዋልንም ነበር።

«ስንዱ!» አሉ አያ አስማረ በቡጢያቸው ግድግዳውን እየመቱ፤ «ስንዱዬ! እኔ ነኝ!» ያ ድምፅ ተረት ሲነግሩን የምንሰማው ያው ድምፅ ነበር። እስከዚያች ምሽት ድረስ ለማን ይጮኹ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ጎረቤት ተጠርቶ በሩ ተሰበረ። እትዬ ስንዱ ከቀዘቀዘው አመድ አጠገብ ወድቀው ተገኙ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ሳንባቸውን ብርድ መትቶት ኖሯል። በተለመነ መኪና ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰዷቸው።

እናቴ አጥሚት ይዛ ልትጠይቃቸው ስትሄድ እኔንም ወሰደችኝ። አያ አስማረ ከአልጋው አጠገብ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። እትዬ ስንዱ ዓይናቸውን ገለጡና በደከመ ድምፅ «አያ አስማረ፣ ያ በር የሌለው ቤት የሠራው ሰውዬ… ወጣ?» አሉ።

እናቴ አጥሚቱን እንደያዘች ቀረች። ሽማግሌው ከዘራቸውን አሻሹ። «ወጣ እንጂ፣ ስንዱዬ» አሉ፤ «ጎረቤቶቹ ግድግዳውን አፍርሰው አወጡት።»

እትዬ ስንዱ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ «ዘገዩ» አሉ።

በቁጣ አልነበረም ያሉት። ሙግቱ እንዳለቀለት ሰው በርጋታ ነበር። በሳምንቱ አረፉ።

ከቀብር በኋላ አያ አስማረ ቦታቸውን ቀየሩ፤ ግድግዳውን ትተው ከቤቱ መሐል በርጩማ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ተረት ስንለምናቸው እምቢ አይሉም፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ነበር። ለካ ሲፈጥራቸው ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ለመስማት ጠጋ የሚያሰኝ ነው። ትልቁ ወንድሜ «አያ፣ አይሰማም» ሲላቸው «ይበቃችኋል» ይሉ ነበር። ያን ተረት ዳግመኛ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅን።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የሙቀት ትምህርት ላይ ስንደርስ፣ ከውጭው ዓለም ጋር ቁስም ሆነ ጉልበት የማይለዋወጥ ሥርዓት «የተነጠለ» ይባላል ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። በየዓመቱም ምሳሌ የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም። ፔርሙዝ ይሉኛል፤ ሻዩ በማግስቱ እንደሚቀዘቅዝ እነግራቸዋለሁ። ሰማይ ላይ ብቻውን የሚዞር ድንጋይ ይሉኛል፤ የፀሐይ ብርሃን ያገኘዋል፣ እሱም መልሶ ሙቀቱን ይረጫል እላለሁ። ምናልባት ፍጥረተ ዓለም በሙሉ አንድ ላይ ቢታሰብ እንጂ፣ ከዚያ በመለስ ፍጹም የተነጠለ ነገር አልተገኘም፤ ያንንም ከውጭ ሆኖ ያየው የለም።

ይህንኑ በአያ አስማረ ተረት ስሰማ ያደግኩ ስለሆንኩ ልጽናናበት ሞክሬ ነበር፤ ግን አልሆነልኝም። ሙቀት በግድግዳ ያልፋል፤ ተረትም ያልፋል። ሰው ግን በግድግዳ አያልፍም፤ በር ይፈልጋል፣ የሚከፍትለትም ይፈልጋል። እትዬ ስንዱ ተነጥለው አያውቁም፤ ያም ሆኖ ብቻቸውን ነው የታመሙት። ሁለቱ አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚነግር ቀመር እስካሁን አላገኘሁም።

ዘንድሮ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህርት፣ ከሌለ ታዲያ ለምን እንማረዋለን?» አለችኝ።

«እንዳለ አድርገን ስናስበው ስሌቱ ስለሚቀል ነው» አልኳት። መልሱ ትክክል ነው፤ መጽሐፉም ይህንኑ ነው የሚለው። ነገር ግን ከአፌ እንደወጣ የሰፈራችን ሰዎች፣ እናቴም ጭምር፣ «ኀዘኑ ሲበርድላቸው ይወጣሉ» እየተባባሉ ያን የተዘጋ በር እያዩ ሲያልፉ ታዩኝ፤ ጠመኔውን እንደያዝኩ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ መንፈሴ እስኪመለስልኝ ድረስም ፊቴን ለልጆቹ አላሳየሁም።