አባቴ የዳነ ቀን

ትናንት ሆስፒታል፣ ከወንድሜ አልጋ አጠገብ ስቀመጥ ከትንፋሹ የአረቄ ሽታ መጣብኝ። የአባቴ ሽታ ነው።

አባቴ በንጉሡ ጊዜ ሰቆጣ ውስጥ ቅኔ የሚያስተምር መሪጌታ ነበር። ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መቋሚያውን እንኳ መጨበጥ አይችልም ነበር። ሰው ሁሉ "ጋኔን ይዞታል" ሲል፣ እናቴና ቄሱ አጎቴ ደሃና በሚባል አገር ወዳለ ጠበል ወሰዱት፤ እኔንም አስከተሉኝ። እዚያ ከወይራ ግንድ ጋር በሰንሰለት አሰሩት።

ጥቂት ቀን እንዳደረ ላቡ ይንቆረቆር፣ የሌለ ጉንዳን ከክንዱ ላይ ያራግፍ ጀመር።

"ልጄ፣ አንዲት ጉንጭ ብቻ አምጪልኝ፤ ልሞት ነው" አለኝ።

አጎቴ እጄን ያዘና "የሚለምንሽ እሱ አይደለም፤ ያደረበት ነው" አለኝ።

ወዲያው አባቴ ወድቆ ተንፈራገጠ፤ አፉ አረፋ ደፈቀ። ሰዉ "ለቀቀው! ወጣለት!" እያለ ጮኸ። እናቴ እልል አለች፤ እኔም አብሬያት እልል አልኩ። እልልታው ሲያበቃ አባቴ አይተነፍስም ነበር።

"አታልቅሺ፤ ድኖ ነው የሞተ" አላት አጎቴ እናቴን።

ትናንት ሐኪሙ ወንድሜን መርፌ ከወጋው በኋላ ወደ እኔ ዞረ። "እማማ፣ ይሄ ሕመም ነው። ብዙ ዘመን የጠጣ ሰው በድንገት ከተከለከለ ሊሞት ይችላል። እኛ በመድኃኒት እየረዳን ነው የምናስቆመው።"

ወንድሜ እንቅልፍ ወሰደው። እናቴ ግን ያን የጠበሉን ቀን ለልጅ ልጆቿ እንደ ተአምር ስታወራው ኖራ ሞተች።