ዳገቱ ላይ የሚጠፋው ሞተር

ዋፊቃ ሞተር የገዛችው የታመመች ላም ዳገት ስለማትወጣ ነው።

ሱቋ ኤረር በር አጠገብ፣ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ ነው። የከብት መድኃኒት ትሸጣለች፤ በግና ፍየል ሲያመጡላት ታክማለች። የእንስሳት ጤና ተምራ ለዓመታት መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርታ ነበር። ያ ሥራ ግን አብዛኛው የመስክ መኪና መጠበቅ ሆነባት፤ መኪናው ሲገኝ ሹፌር አይኖርም፣ ሹፌር ሲገኝ ነዳጅ አይኖርም። በቃኝ ብላ ወጣችና የራሷን ሱቅ ከፈተች። ከኤረር ወንዝ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ፍየል ተሸክመው ሊመጡ ይችላሉ፤ ምጥ የያዛትን ላም ግን ማን ተሸክሞ ያመጣል? እሷው መሄድ ነበረባት።

ባሏ ዚያድ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጣል። ሐሳቧን ስትነግረው አልሳቀም። ከጓደኛው ሞተር ተውሶ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ራሱ አስተማራት። እሱ ከኋላ እየሮጠ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ ይላታል፤ እሷ በአንዴ ትለቀውና ሞተሩ ይዘላል። ሁለቱም ብዙ ወደቁ። በሒጃቧ ላይ የራስ ቁር ደፍታ ከተማ ውስጥ መንዳት ስትጀምር ቆሞ የሚያያት ሰው አይጠፋም ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ተለመደ። ገበሬዎቹ ዘንድማ ስሟም ቀርቶ "ዶክተሯ" ሆነች።

ሞተሩን የወሰደችው አዲሱ ከተማ ካለ አስመጪ ወኪል ነው። ፊት ለፊቱ በመስታወት የተሠራ፣ ጓሮው ጋራዥ የሆነ ትልቅ ቤት ነው። ባንክ ከወለድ ነጻ በሆነው አገልግሎቱ ሞተሩን ገዝቶ በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ሸጠላት፤ ክፍያው እስኪያልቅ ሊብሬው ባንኩ ዘንድ ይቀመጣል። የወኪሉ ሰዎች ደግሞ ቁልፉን ሲያስረክቧት አንድ ነገር አጥብቀው ነገሯት፤ ዋስትናው ሳያልቅ ሌላ መካኒክ ከፈታው ዋስትናው ያን ቀን ያበቃል። ዋፊቃ በደስታ እሺ አለች። እንዲህ ያለ አዲስ ሞተር የሚያስፈታ ምን ይመጣል?

የመጣው ገና የመጀመሪያው ወር ሳይሞላ ነው። ወደ ኤረር ወርዳ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ማዶ ያለውን ረጅሙን ዳገት ስትወጣ ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። ማስነሻውን በእግሯ ብትመታ፣ ብትገፋው አልነሳ አለ። ጥላ ፈልጋ ተቀመጠች። ከብዙ ቆይታ በኋላ እስቲ ብላ ስትሞክረው ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሣ። ቤንዚኑ ቆሻሻ ኖሮበት ይሆናል ብላ ተወችው። በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ ደገመው።

ወኪሉ ጋራዥ ስትወስደው የአገልግሎት ክፍሉ ኃላፊ ተቀበላት። ሙባረክ ይባላል፤ ቱታው ንጹሕ፣ ንግግሩ ለስላሳ የሆነ ወጣት ነው። ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠው፣ ግቢውን ዞረበት፣ ካንዴላውን ፈትቶ አየና ደህና ነው አላት። እሷ ሲግል ነው የሚጠፋው አለችው። እሱም ካርቡሬተሩን አጥቦ ሰጣት። ዳገቱ ላይ ጠፋ። መለሰችው። ካንዴላ ቀየረላት፤ ጠፋ። ነዳጅ የምትቀዳበትን ቦታ ቀይሪ አሏት፤ ቀየረች፤ ጠፋ። ከዚያ አንዱ ሠራተኛ፣ በክፋትም አይደለም፣ አነዳዷ ይሆናል አላት፤ ሴቶች ማርሽ ሳይቀንሱ ዳገት ይይዛሉና ሞተር ያፍናሉ አለ። ዋፊቃ ማታውን ለዚያድ ነገረችው። በማግስቱ ዚያድ ሱቁን ዘግቶ ራሱ ነድቶ ዳገቱን ወጣ። ለዚያድም ጠፋበት። ይህን ብትነግራቸው ባልሽም ገና ያልለመደ ይሆናል አሏት።

አንዴ ሞተሩን አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት መመሪያ እስኪመጣ ብለው ያዙት። እሷ በየቀኑ ከሱቋ ተነሥታ በባጃጅ ትሄዳለች፤ እነሱ መልስ አልመጣም ይላሉ። ወንበር ይሰጧታል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ያቀርቡላታል። የሚጮህባት ሰው ቢኖር ይቀላት ነበር፤ እሷም ትጮህ ነበር። ሁሉም ያዝኑላታል። በመጨረሻ ችግር አልተገኘበትም ብለው አጥበው፣ ወልውለው መለሱላት።

የአዴ ሐሚዳ ላም የሞተችው ከዚያ በኋላ ነው። አዴ ሐሚዳ ከማዶ ቀበሌ ያሉ አሮጊት ናቸው፤ ባላቸው ሞተው በለውዝ ማሳቸውና በዚያች ላም ይኖሩ ነበር። ጥጃው ተጋድሞ አልወጣ ብሏል ብለው በጎረቤት ስልክ ደወሉ። ዋፊቃ ሱቋን እንኳ በደንብ ሳትዘጋ ወጣች። ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ጠፋ። እንዲበርድ ልጠብቅ ወይስ ልሂድ ስትል ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ መንገድ ዳር ትታው ቦርሳዋን ተሸክማ በእግሯ ሮጠች። ፀሐዩ አናቷን እየበሳ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ስትደርስ ላሟ አንገቷን እንደዘረጋች አብቅቶላት ነበር። ጥጃውንም አላተረፈችውም።

አዴ ሐሚዳ አልወቀሷትም። ልብሷ በላብ እንደራሰ አይተው ውኃ አስመጡላት። "ቀደር ነው፣ ልጄ" አሏት። "አላህ የጻፈውን አንቺ በምን ትቀድሚዋለሽ?"

ዋፊቃ ያን ቀን ወቀሳ ብታገኝ በወደደች። ቀደሩን ታምናለች፤ ሞተሩንም ታውቃለች። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደምትይዛቸው አልገባትም። ስትመለስ ሞተሩ በተወችው ቦታ በርዶ ጠበቃት፤ ቁልፉን ስታዞር ወዲያው ተነሣ።

በማግስቱ ሙባረክን ለብቻው ጠርታ አንድ ነገር ለመነችው። ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ዳገቱ ላይ እንዲያየው። ሙባረክ ጥቂት አሰበና እሺ አላት። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተነሡ፤ እሱ በእሷ ሞተር፣ እሷ በወኪሉ መሞከሪያ ሞተር። መሞከሪያው ከእሷ ጋር ቀለሙም ሥሪቱም አንድ ነው። ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሲይዙ የያዘችው ሞተር አንድም ጊዜ ሳይንተፋተፍ እየዘመረ ወጣላት። ያ ነገር ከሁሉ የባሰ አሳዘናት። ለካ የገዛችው እንዲህ ያለ ነገር ነበር። ዞር ብላ ስታይ ሙባረክ ከኋላዋ የለም።

ተመልሳ ስትወርድ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ማስነሻውን መታ፣ ካንዴላውን አወጣ፣ ገመዶቹን ነካካ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሷም ራቅ ብላ ተቀመጠች። በልቧ አልሐምዱሊላህ ብላለች፤ ሞተር ስለጠፋ ስታመሰግን የመጀመሪያዋ ነው።

ሲበርድ ሞተሩ ተነሣ። ሙባረክ ግን ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። "አይቼዋለሁ፣ እህቴ" አለ መሬት መሬት እያየ። "ግን ልጽፈው አልችልም።"

"ለምን? በዓይንህ አየኸው እኮ።"

"ዋናው መሥሪያ ቤት የሚቀበለው ጋራዥ ውስጥ፣ በመመርመሪያ መሣሪያ ላይ የታየ ብልሽት ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ለአንድ ሰው መንገድ ላይ ያየሁትን ጽፌ ዕቃ ቀየርኩለት። አልተቀበሉትም። የዕቃው ዋጋ በእኔ ላይ ነው የወደቀው። አሁን ልጅ ተወልዶልኛል።" ቀና ብሎ አያት። "አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?"

ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣ አላት። ሲመለሱ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ነዱ።

ከዚያ በኋላ የቀራት ሥራ አስኪያጁ ነበሩ። አቶ እንደሻው ይባላሉ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ብድግ ብለው ነው የተቀበሏት። ሙባረክን እንዳትጎዳው ስለ ፈራች ዳገቱ ላይ የሆነውን መናገር አልቻለችም፤ ስለዚህ እንደ ገና ከመጀመሪያው፣ ማስረጃ እንደሌላት ሰው ሆና አስረዳች። አቶ እንደሻው እስከ መጨረሻው ሰሟት። ኩባንያው በደንበኞቹ እንደሚኮራ፣ ጉዳዩንም በድጋሚ ወደ ላይ እንደሚያሳውቁ ነገሯት። "ትንሽ ይታገሡን" አሉና እስከ በሩ ሸኟት። ወደ ፍርድ ቤት ልሂድ ብትል ደግሞ በእጇ ያለው የራሳቸው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ አመጣች፣ ተፈተሸ፣ ችግር አልተገኘበትም፣ አመጣች፣ ተፈተሸ፣ ችግር አልተገኘበትም።

ያን ሰሞን ዚያድ ይሸጥ የሚል ሐሳብ አመጣ። ባንኩ የቀረውን ክፍያ የሚረከብ ሰው ካገኘሽ አልከለክልሽም ብሏታል። ሰውም ተገኘ። አሽረፍ የሚባል፣ ከተማ ውስጥ ዕቃ የሚያመላልስ ጨዋ ልጅ ነው። ሞተሩን አይቶ ወደደው፤ ንጽሕናውን አደነቀ።

ዚያድ ወደ ጎን ወስዶ በዝግታ አናገራት። ልጁ ከተማ ውስጥ ነው የሚነዳው፣ ያን ዳገት አይወጣም፣ ከጠየቀሽ ንገሪው፣ ካልጠየቀሽ ግን አንቺ አትጀምሪው አላት። ክፉ ሰው አይደለም ዚያድ። ሚስቱ በዚህ ሞተር ስትከሳ ያየ ሰው ነው። ዋፊቃም እሺ አለችው፤ እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ዝም ልትል ቆርጣ ነበር።

አሽረፍ ምንም አልጠየቀም። ዋጋም ብዙ አልተከራከረም። ነገ ባንክ እንገናኝ ብሎ ሊሄድ ሲል ዋፊቃ ጠራችው። "ሲግል ይጠፋል" አለችው። "ዐይቡን፣ ጉድለቱን ሳልነግርህ ብሸጥልህ ሐራም ነው። ዳገት ላይ ይጠፋል፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።"

አሽረፍ አመሰገናት። ቆይቼ እደውላለሁ አለ። አልደወለም። ዚያድ ሁለት ቀን ያህል ብዙ አላወራትም፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ሱቋ መጥቶ መድኃኒት የታሸገበትን ካርቶን አብሯት አራገፈ። ስለ ሞተሩ ግን ያን ጊዜም፣ ከዚያም በኋላ አላነሣም።

ዋስትናው ሲያበቃ ዋፊቃ በሆዷ ደስ ብሏት ነበር። ቢያንስ ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል። ሸዋ በር በኩል ያለ መካኒክ ዘንድ ወሰደችው። እሱም አግሎ፣ ፈትቶ፣ ለክቶ ውስጡ ያለ ጥቅል ሽቦ ሲግል ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ እንደሚያቆም ደረሰበት። ቀላል ነው፣ ዕቃው ይቀየር አላት። ዕቃውን የሚያስመጣው ግን ያው ወኪሉ ብቻ ነው። ሄደች። ሙባረክ ሥራ ለቆ ድሬዳዋ ገብቷል አሏት፤ በእሱ ቦታ የተቀመጠው ልጅ ዕቃው ለብቻው እንደማይሸጥ፣ ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር ትዕዛዝ ግን እንደሚይዝላት በትሕትና ነገራት። ወንበር ሰጣት፤ ውኃም አመጣላት።

አሁንም እየነዳችው ነው። ዕቃው አልመጣም፣ ክፍያው አላለቀም፣ ማዶ ያሉት ላሞችም አይጠብቁም። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ወንዙ ዳር ታቆመዋለች፤ ትንሽ ወጥታ ደግሞ ታቆመዋለች። አንዳንድ ቀን እንዲህ እያረፈች ትደርሳለች፤ አንዳንድ ቀን አትደርስም። ላም ምጥ ያዛት ሲሏት ሞተሩን ትታ የባጃጅ ሹፌር ትለምናለች፤ እዚያ ድረስ የሚሄድላት ሲገኝ ነው።

በቀደም ዕለት ዳገቱ ላይ ሞተሩ አጠገብ ቆማ ሳለ የለውዝ ጆንያ የጫነ የጭነት መኪና አጠገቧ ቀስ አለ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ተበላሸብሽ እንዴ፣ ላግዝሽ አላት።

"ደህና ነው" አለችው ዋፊቃ፣ እጇን ኮርቻው ላይ አድርጋ። "ምንም አልሆነም፤ እየበረደ ነው።"

ሹፌሩ ራሱን ነቅንቆ መንገዱን ቀጠለ። እሷም አቧራው እስኪያልፍ ሒጃቧን ወደ አፍንጫዋ ሰብስባ ቆየች።