ድልድል ስንጠብቅ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአሠራር ለውጥ ሚዛን ተፈሪ ሲደርስ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የድሮው መዋቅር ፈርሷል ተባለ፤ አዲሱ ግን ገና አልጸደቀም። ስለዚህ ሁላችንም ከመደባችን ተነስተን ድልድል እንድንጠብቅ ተነገረን። ጠዋት እንፈርማለን፣ እንቀመጣለን፣ ማታ ፈርመን እንወጣለን። ለግልጽነት ተብሎ በክፍሎቹ መካከል የነበረው ግድግዳ ስለፈረሰ፣ አንዳችን የሌላችንን ሥራ መፍታት ቀኑን ሙሉ እናያለን።

በሦስተኛው ሳምንት ከሸኮ በኩል አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። ጎረቤታቸው የቡና መሬታቸውን ወሰን ገፍቶባቸው ስለተካሰሱ የፋይላቸው ግልባጭ ያስፈልጋቸው ነበር። ፋይሉ ከጀርባዬ ባለው ባለመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ወለል ብሎ ይታያል።

«አባባ፣ አሁን ማውጣት አልችልም» አልኳቸው።

«ቁልፉ ጠፋ?»

«ቁልፉስ እኔ ጋ ነው። እኔ ግን አልተመደብኩም።»

«ይኸው ተቀምጠሽ የለም እንዴ?»

«መቀመጡንማ ተቀምጫለሁ።»

እስከዚያ ወር ድረስ አለቃዬ የነበሩት ሰው ጣልቃ ገቡ። «የሥራ ሂደቱ ባለቤት ሲመደብ ይምጡ» አሏቸው።

«የመሬቱ ባለቤት እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «የሂደቱ ባለቤት ደግሞ ማነው?»

«ገና አልታወቀም።»

«እንግዲያው እጠብቀዋለሁ» ብለው አጠገቤ ካለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው የሰዓት መፈረሚያውን አቀረበላቸው፤ እሳቸውም ሳያንገራግሩ ፈረሙ።

በሳምንቱ ከክልል ኮሚቴ መጣ። ሰብሳቢው «ተገልጋይ ከእኛ ምን ይፈልጋል?» እያለ ተራ በተራ ጠየቀን። እኛ ስለ ራዕይና ተልዕኮ ለፈለፍን። ሽማግሌው ተራቸው ሲደርስ ቆመው፣ «ወረቀቱን ሰጥታችሁት ቤቱ እንዲገባ ነው የሚፈልገው» አሉ። ሰብሳቢው አጨበጨበ። እኛም ተከትለን አጨበጨብን። ሰውዬው ራሳቸው ተገልጋይ መሆናቸውን ልናገር አፌን ስከፍት የቀድሞው አለቃዬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

አርብ ዕለት ድልድሉ ተለጠፈ። የሽማግሌው ስም ከሰዓት መፈረሚያው ላይ ተወስዶ፣ እሳቸው የመዝገብ ሥራ ሂደት ባለቤት ተብለዋል። እኔ በእሳቸው ሥር ፈጻሚ ነኝ።

ሳነብላቸው «ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«አለቃዬ ሆነዋል ማለት ነው።»

ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ያንን ፋይል አውጪልኛ» አሉ።

በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ደስ እያለኝ የፈጸምኩት ትዕዛዝ የለም። ግልባጩን ማኅተም አስመታሁላቸው። የሸኮ መኪና ጥሩምባ ስለነፋ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉኝ ሮጡ።

በወሩ መሥሪያ ቤቱ «ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርተዋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎ እኔው እንዳደርስ አዘዘኝ። ገበያ ላይ ሙዝ ሲሸጡ አገኘኋቸውና እያፈርኩ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙኝ።

«ወሰኑ ተፈረደልኝ» አሉ። ቀጥለውም አንገታቸውን ደፍተው፣ «ጥፋተኛ ነኝ ልጄ፤ ቢያንስ ላንቺ ነግሬሽ መሄድ ነበረብኝ» አሉኝ።